«ባረቀ» ማለት ይብቃን

የተከበራችሁ የጥበቃ ሠራተኞች ማኅበራችን አባላት፣ የአሠሪ ድርጅት ተወካዮች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንደምን አደራችሁ?

ከሌሊት ተራ ወጥታችሁ ቤት ሳትገቡ በቀጥታ እዚህ የመጣችሁ አላችሁ። ዓይናችሁ ይናገራል። በመጀመሪያ እናንተን አመሰግናለሁ።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርባል። ሒሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን ታቀርባለች። እኔ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ትከሻችን ላይ ስለሚውለውና ስለሚያድረው ጠመንጃ።

ወደ ጥበቃ ሥራ የመጣሁት ከውትድርና ነው። ክላሽን ዓይኔን ጨፍኜ ፈትቼ እገጥም ነበር። ስቀጠር «ሥልጠና ወስደሃል?» ተብዬ ተጠየቅኩ። «ወታደር ነበርኩ» አልኩ። በዚያው አለፈ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደኔ የመለሱ ብዙ ናቸው። ከገጠር የመጡ ወጣቶቻችን ደግሞ «እኔ ከጠመንጃ ጋር ነው ያደግኩት» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን መተኮስ ማወቅና መሣሪያ መያዝ ማወቅ ለየቅል ናቸው። ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት መሀል ከተማ ባለ አንድ ሕንፃ በር ላይ እሠራ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ርክክብ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። እንቅልፍ አላየሁም። ተረካቢዬ መጣ። መሣሪያውን ባዶ አድርጌ ላስረክበው ፈለግኩ። መጀመሪያ መቀባበያውን ሳብኩ። ቀጥዬ ጥይት የሚይዘውን ካዝና ነቀልኩ። ከዚያ ባዶ መሆኑን ላሳየው ቃታውን ሳብኩ።

ነገሩን የምታውቁ ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ገብቷችኋል። ካዝናው ሳይነቀል መቀባበያውን የሳበ ሰው መሣሪያውን ጥይት አጉርሶታል። ከዚያ በኋላ ካዝናውን ቢነቅለው ምንም አይፈይድም። አንዷ ጥይት ውስጥ ናት።

ከደረጃው ሥር ሻይ የምትሸጥ እናት ነበረች። ጥይቷ የደረጃውን ድንጋይ መታች፣ ነጠረችና የሴትየዋን ፔርሙዝ በሳች። ሴትየዋ አልጮኸችም። ሻዩ እየተነነ በድንጋዩ ላይ ፈሰሰና እግሯ ድረስ መጣ። እሷ ደረቷን በእጇ ዳሰሰች። ቀጥላ ሆዷን። ተመትታ እንደሆነ ገላዋ ላይ ትፈልግ ነበር።

መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ይኸ ነው፦ «በርክክብ ወቅት ጥይት ባርቋል። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።» ፈረምኩ። ተረካቢዬም ፈረመ። በማግስቱ ፔርሙዝ ገዝቼ ሰጠኋት። በዚያው ተዘጋ።

«ባረቀ» የሚለውን ቃል ለዓመታት ሳስበው ኖሬያለሁ። ከመብረቅ ጋር የአንድ ሥር ቃል ነው። መብረቅ ከሰማይ ይወርዳል። ማንም አይጠየቅበትም። እኛም ጠመንጃችን ሲተኮስብን ከሰማይ የወረደ እናስመስለዋለን። ጥይቱ ባረቀ፣ ሽጉጡ ባረቀበት፣ ሲያጸዳው ባረቀ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሰው የለም። ቃታውን የሳበ ጣት የለም። የዚያን ቀን ግን ጣቱ የእኔ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ የአምስት ቀን የመሣሪያ አያያዝ ሥልጠና ወሰድኩ። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የተኩስ ሜዳ ነበር። ወታደር የነበርን ሰዎች ኢላማ መትተን ልንታይ ነበር የቋመጥነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አንድ ጥይት አልተኮስንም። የተማርነው መቀበልና መስጠት ብቻ ነው።

ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመን አንድ ባዶ ክላሽ ከእጅ ወደ እጅ እናዞራለን። እያንዳንዱ ተቀባይ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ያዞራል። ጣቱን ከቃታው ውጪ ያደርጋል። ካዝናውን ይነቅላል። ከዚያ መቆለፊያውን ይከፍታል፤ ክላሽ ተቆልፎ እያለ መቀባበያው እስከ መጨረሻ አይሳብም። ከዚያ ስቦ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ ያያል። ለሚቀጥለው ሲሰጠው ያ ሰው እንደገና ከሀ ይጀምራል። አንዱ ሠልጣኝ ሰለቸውና «አሁን እኮ አይቼዋለሁ» አለ። አሠልጣኙ አልተቆጣም። «ዓይንህ አይቷል፣ ጣትህስ?» አለው። ከዚያ መብራቱን አጠፋው። በጨለማ ትንሿን ጣታችንን አስገብተን ባዶነቱን እንድንዳስስ አደረገን። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ጠርዙም ይቧጭራል። ሌሊት መብራት በሚጠፋበት ከተማ ተረኛ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሲሞኖቭ የሚባለውን ጠመንጃ የያዛችሁም እንዲሁ። የሲሞኖቭ ካዝና አይነቀልም። ከሥር ተከፍቶ ነው 10ሩ ጥይት የሚወርደው። ከወረደ በኋላም አንድ የጎረሰች ልትቀር ትችላለች። ስባችሁ ማየት የግድ ነው።

ስንተኩስ ደግሞ ጆሯችንን እንድንደፍን ታዘዝን። የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዲሲቤል ያልፋል። አንዲት ተኩስ ብቻ ጆሮን ለዘለቄታው ልትጎዳ ትችላለች። ከተኩስ በኋላ ሳንታጠብ እንጀራ እንዳንቆርስም ተነገረን፤ የጥይቱ እርሳስ ብናኝ እጅ ላይ ይቀራል። በውትድርናዬ ሁሉ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

አሁን የምንሠራበትን ቦታ አስቡት። ፒያሳ፣ ስታዲየም፣ ሜክሲኮ፣ አምባሳደር፣ ካዛንቺስ። በራችን ሥር ሊስትሮ አለ። ሎተሪ አዟሪ አለ። ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ አለ። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ስትወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ትሄዳለች። ከድምፅ በእጥፍ ትፈጥናለች። ማንም ሰምቶ አያመልጣትም። ቆርቆሮ አያቆማትም፣ የመኪና በርም አያቆማትም። ካልተገታች ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። ከጊዮርጊስ ቢነሱ ቸርችልን ቁልቁል ይዞ እስከ ፖስታ ቤት አካባቢ ማለት ነው። በዚያ መሀል ስንት ሰው እንደሚተላለፍ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ይህን ስል ጠመንጃን አጣጥዬ አይደለም። ፒያሳ የተሠራው የአድዋ ድል መታሰቢያ አጠገብ የሚሠሩ አባሎች አሉን። በ1888 ዓ.ም. በጠመንጃም በጦርም የተደረገውን እናውቃለን። ዱሮ ጥይት በአንዳንድ ገበያ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረበት አገር ነው። አንዲት ጥይት እንዲያው አትባክንም ነበር። እኛም ያንኑ ቁጥብነት በርክክባችን ላይ ማየት አለብን።

ሕጉም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ድርጅቶቻችን ፈቃዱን ፋይል ውስጥ ያስቀምጣሉ። ፈቃድ ግን ወረቀት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ የሚታገለው እጅ ወረቀቱን አያነበውም። እጅ የሚያውቀው የደጋገመውን ነው። ሥልጠና በቅጥር ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

ፈታሽ እህቶቻችንም አብረው ይሠልጥኑ። «እኛ መሣሪያ አንይዝ» ትሉኛላችሁ። ርክክብ ሲደረግ ግን ከመሣሪያው ሁለት እርምጃ ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። አፈሙዙ የት እንደዞረ ማየትና «አዙረው!» ብሎ መጮኽ መብታችሁ ነው። ታላቅም ይሁን አለቃ፣ ማንም ሊቆጣችሁ አይገባም።

ለአሠሪ ተወካዮች አንድ ልመና አለኝ። የሥልጠናው ቀን ከደመወዝ አይቆረጥብን። በየበሩ ርክክብ የሚደረግበት፣ አሸዋ የተሞላ በርሜል ይኑር። ባዶ የሚደረግ መሣሪያ አፈሙዙ ወደ አሸዋው ይዙር። ግማሽ በርሜልና ጥቂት ጆንያ አሸዋ ነው። የዚያን ቀን ይህ ቢኖረኝ ጥይቷ አሸዋው ውስጥ ትቀር ነበር።

ከሁሉ የከበደው የመዝገቡ ነገር ነው። ኮሚቴያችን ለዛሬ ያቀረበው ሐሳብ መዝገብ ላይ «ባረቀ» ተብሎ እንዳይጻፍ ነው። «ተኮስኩ» ተብሎ ይጻፍ። ቀጥሎ ምን እንዳጠፋ ይጻፍ፦ ካዝናውን ሳልነቅል ሳብኩ፣ ጣቴ ቃታው ላይ ነበር። አንዳንዶቻችሁ በስብሰባ ላይ «እንዲህ ጽፈን እንጀራችንን ልናጣ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም በ2006 ያን ቃል የጻፍኩት ልጆቼን አስቤ ነው። ስለዚህ ከአሠሪዎች ጋር የምንስማማው ይህንንም ጨምረን መሆን አለበት። ሰው ሳይጎዳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥፍቶ እውነቱን የጻፈ ሰው አይባረር። ወደ ሥልጠና ይመለስ። የደበቀ ግን ማኅበሩ አይከራከርለትም። በዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ እጅ አውጥታችሁ ትወስናላችሁ። የማትስማሙ ካላችሁ ተነስታችሁ ተናገሩ፣ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ሻይ ዕረፍት ላይ ወደ ጓሮ በር ውጡ። አሸዋ የተሞላ በርሜል አስቀምጠናል። አጠገቡ ከእንጨት የተሠራ ክላሽ አለ። ሁላችሁም አንድ አንድ ጊዜ ተቀባበሉት። ከእኔ እጅ የሚቀበል የመጀመሪያው ሰው ከሌሊት ተራ የመጣ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ተከፍቷል።