ማጨጃው ቆሟል፣ ቤንዚኑ ለምን ይሸታል?

(ምስል፦ የተዘጋ ጋራዥ፤ በሩ ቀስ እያለ ይከፈታል)

ተቀምጠው የሚነዱትን የሣር ማጨጃ ጋራዥ ውስጥ አሳድራችሁ ጠዋት በሩን ስትከፍቱ የቤንዚን ሽታ ይቀበላችኋል። «ያው ሞተር ነው፣ መሽተቱ አይቀርም» የሚል አይጠፋም። አትስሙት። ነዳጅ ከተሞላ በኋላ ለጥቂት ሰዓት መሽተት ያለ ነው፤ በየቀኑ ከሸተተ ግን ቤንዚኑ መውጫ አግኝቷል።

በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። መብራት አታብሩ፤ የበራ ካለም አታጥፉ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ሲነካ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። የቤንዚን ተን ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወለል ወለሉን እየተሳበ ይሄዳል። በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ እዚያው ካለ፣ እሳቱ የሚነደው ከታች፣ ተኑ በሚያልፍበት በኩል ነው። ብርድ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ማሽኑን ሳታስነሱ፣ በእጅ ገፍታችሁ አውጡት።

(ምስል፦ ማሽኑ ደጅ ላይ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ)

ብዙ ሰው የነዳጅ ቱቦ ገዝቶ ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከሞተር ዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። መዝዛችሁ አሽትቱት። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ ከቀጠነ፣ ልኩም ከምልክቱ በላይ ከወጣ ነገሩ ያለው ካርቡሬተሩ ጋ፣ ማለትም ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል ጋ ነው። ካርቡሬተር ውስጥ ነዳጅ ሲሞላ ከፍ የሚል ተንሳፋፊ አለ፤ ከፍ ሲል ትንሽ መርፌ ገፍቶ መግቢያውን ያዘጋል። መርፌዋ ጫፍ ላይ ቆሻሻ ከተሰነቀረ ወይም ጫፏ ካለቀ አትዘጋም። ታንኩ ከካርቡሬተሩ ከፍ ብሎ የተሠራ ከሆነ ቤንዚኑ ሌሊቱን ሙሉ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከፊሉ በአየር ፊልትሮው በኩል ይንጠባጠባል፤ ከፊሉ በሲሊንደሩ አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ይህን ሞተር እንዳታስነሱት! ቤንዚን የገባበት ዘይት ብረትን ከብረት አያላቅቅም። ካርቡሬተሩ ሳይጠገን፣ ዘይቱም ሳይቀየር ቁልፉ አይነካ።

ዘይቱ ደህና ከሆነስ? ብዙ ማሽኖች ላይ፣ በታንኩና በካርቡሬተሩ መካከል የነዳጅ መዝጊያ አለ። ዝጉትና ማሽኑን ደጅ፣ ሥሩ ካርቶን አንጥፋችሁ አሳድሩት። ሽታው ከጠፋ ጥፋቱ ከመዝጊያው ወዲያ፣ ካርቡሬተር በኩል ነው። ካልጠፋ ከወዲህ ነው፤ ታንኩን፣ ክዳኑን፣ እስከ መዝጊያው ያለውን ቱቦ እዩ። ካርቶኑ ደርቆ ቢያድር ግን «አያፈስም» አትበሉ። ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ጠብታው ከእናንተ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ይልቅ አቧራው የታጠበበትን መስመር ፈልጉ፤ እሱ አይዋሽም።

(ምስል፦ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ በቅርብ)

ቱቦውን አጠፍ ስታደርጉት ስንጥቅ ካሳየ ቀይሩት፤ ማሰሪያውንም አብራችሁ። በፕላስተር መጠቅለል ቤንዚን ላይ አይሠራም።

ክዳኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ ታንኩ የሚተነፍስባት ናት። ታንኩን እስከ አፉ ከሞላችሁት፣ ቤንዚን ሲሞቅ ስለሚለጠጥ በዚያው ይወጣል። ሽታ ለማጥፋት ብለው ቀዳዳዋን የሚደፍኑ አሉ፤ ያኔ ነዳጁ መውረድ ያቅተውና ሞተሩ ሥራ መሃል ይጠፋል። የክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ጎማው) ደርቆ ከሆነ ክዳኑን ቀይሩ፤ ስትሞሉም ከአፉ ዝቅ አድርጋችሁ አቁሙ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ማሽኑ አንድ ሌሊት ደጅ ይደር። ጠዋት ካልሸተተ፣ የነዳጅ መዝጊያውን ዘግታችሁ አስገቡት።