ማታ 3 ሰዓት ላይ

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ የታክሲ ሰልፍ ሰዓት የቸርችልን ዳገት ወጥቶ ስለ ጀርባ ሕመም ለመስማት መምጣት ራሱ ወገብ ይፈልጋል። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እኔ የሰመመን ሐኪም ነኝ። ብዙ ሰው ታካሚውን አስተኝቼ ወደ ቡናዬ የምሄድ ይመስለዋል። ዛሬ የማወራው ግን ሰውየው ከነቃ በኋላ ስለሚሆነው ነው።

ከአንድ ወጣት ልጀምር። የአገር አቋራጭ አውቶብስ ረዳት ነበር። ዕቃ ሲጭን ከጣሪያው ወድቆ የወገቡ አከርካሪ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሄደ። ቢላ ከመነካቱ በፊት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በጀርባው ግራና ቀኝ የሚያደነዝዝ መርፌ ሰጥቼው ነበር። እኛ "ብሎክ" እንለዋለን። ከሰዓት በኋላ ሳየው የእግሩን ጣቶች እያንቀሳቀሰ ይስቃል። "ዶክተር፣ እውነት ቀዳችሁኛል?" አለኝ። ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ያን ቀን ተረኛ ነበርኩ። እኩለ ሌሊት ገደማ በክፍሉ በኩል ሳልፍ አንሶላውን ነክሶ አገኘሁት። ላብ በላብ ሆኗል። "እንዴት ነህ?" አልኩት። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለኝ። እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብለው "ቻል አድርገው ልጄ" ይሉታል። ቻርቱን ገለጥኩ። "ሕመም ካለው ይሰጥ" ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት አለ። አልተሰጠም። ሲስተር በጠየቀችው ቁጥር "ደህና ነኝ" ብሏታላ! ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ብሎኩ በስንት ሰዓት እንደሚለቅ ለማንም ሳልናገር የሄድኩት እኔ ነኝ።

ብሎኩ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሥጋ ቤት ሄዳችሁ ሽንጥ አስቆርጣችሁ ታውቃላችሁ። እኛም ከአከርካሪው ግራና ቀኝ እንደዚያ ያለ ረጅም ጡንቻ አለን። በጡንቻውና ከሥሩ ባለው የአከርካሪ አጥንት ክንፍ መካከል ስስ ክፍተት አለ። በአልትራሳውንድ እያየን መርፌውን እዚያ እናደርሳለን። መድኃኒቱን ስንገፋ ጡንቻው ከአጥንቱ ቀስ ብሎ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ የሙያ በሽታ ነው።

ከአከርካሪ የሚወጣ ነርቭ ሁለት ቅርንጫፍ አለው። አንዱ ወደ ኋላ ዞሮ የጀርባን ጡንቻና ቆዳ ይይዛል። ሌላው ወደ ፊት ሄዶ፣ ወገብ ላይ ከሆነ፣ ወደ እግር ይወርዳል። መድኃኒቱ በዋናነት የሚይዘው የኋላውን ነው። ስለዚህ ጀርባው ሲደነዝዝ እግሩ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። ይህ ለቀዶ ሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። ታካሚው እንደነቃ የመጀመሪያው ትእዛዝ "ጣትህን አንቀሳቅስ" ነው። እግሩ ከደከመ ነርቭ ተጭኖ ወይም ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። እኛ ደግሞ እግሩን አብረን አደንዝዘነው ከሆነ ያ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል።

ማደንዘዣ መድኃኒት ራሱ አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1884 ቪየና ውስጥ ካርል ኮለር የተባለ ሐኪም ኮኬይን ዓይን ላይ ጠብ አድርጎ፣ ሰው ሳይተኛ ዓይኑን መቅደድ እንደሚቻል አሳየ። ይህ የጀርባ ብሎክ ግን የትናንት ልጅ ነው። ማውሪሲዮ ፎሬሮ የተባለ የሰመመን ሐኪምና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 2016 ነው ያስተዋወቁት፤ ያውም ለደረት የነርቭ ሕመም ብለው። ወደ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ማጋነን እንዳይሆንብኝ። ብሎክ ሙሉ ሰመመንን አይተካም፤ ታካሚው ይተኛል። በዲስክ ምክንያት እግር ላይ የሚወርደውን የሚያቃጥል ሕመም አያጠፋም። ብዙ አከርካሪ በብረት በሚታሰርበት ትልቅ ሥራ ላይም ብቻውን አይበቃም። ጥቅሙ ሞርፊንን መቀነስ ነው። ሞርፊን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ ግን ያስመልሳል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ትንፋሽ ያዘገያል። አንዲት ነርስ ብዙ አልጋ በምትጠብቅበት ሌሊት የትንፋሽ መዘግየት ቀልድ አይደለም።

ብሎኩም የራሱ አደጋ አለው። በብዛት የምንጠቀመው ቡፒቫኬይን የተባለውን ማደንዘዣ ነው። እኔ በኪሎ ከ2 ሚሊግራም ላለማለፍ እሠራለሁ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 120 ሚሊግራም ማለት ነው። 0.25 በመቶ የሆነውን በየጎኑ 20 ሚሊ ሊትር ብንሰጥ 100 ሚሊግራም ይሆናል፤ ብዙም ትርፍ የለንም። መድኃኒቱ በዝቶ ደም ውስጥ ከገባ የነቃ ሰው ጆሮው ይጮህበታል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል፤ ከዚያ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ልብም ሊቆም ይችላል። የተኛ ሰው ጆሮዬ ጮኸ አይልም። ስለዚህ 20 በመቶ የሆነው የቅባት ኢመልሽን፣ ማርከሻው ማለት ነው፣ እጅ ላይ ሳይኖር መርፌ ባይነሳ እመርጣለሁ። "ፋርማሲ አለ" መልስ አይደለም። ፋርማሲው ሲከፈት ልብ አይጠብቅም።

አልትራሳውንድ የሌላችሁ ባልደረቦቼ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉን ከመዝጋቱ በፊት ያንኑ መድኃኒት ጡንቻውና ቆዳው ውስጥ በዓይኑ እያየ ሊወጋ ይችላል። መጠኑ እዚያም ይቆጠራል።

ወደ ረዳቱ ልመለስ። ብሎክ የተውሶ ሰዓት ነው። እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ይለያያል፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ብሎክ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ቢቆይ እኔ ደስተኛ ነኝ። ጠዋት 3 ሰዓት የተሰጠው ማታ 3 ሰዓት ገደማ ይለቃል። በዚያ ሰዓት ጠያቂ ወጥቷል፣ መብራት ቀንሷል፣ ተረኛው ተቀይሯል። ሕመሙ ደግሞ ቀስ ብሎ አይመጣም። ቀኑን ሙሉ ምንም ያልተሰማው ሰው ድንገት ሁሉም ነገር ይሰማዋል። ክኒኑን ያኔ መፈለግ ከጀመርን ዘግይተናል።

አጠያየቃችንም ይቀየር። አበሻን "እንዴት ነህ?" ብለህ ብትጠይቀው አንገቱ ላይ ገመድ ቢኖርም "ደህና፣ ተመስገን" ይልሃል። መልሱ ሰላምታ ነው፤ የሕመም መለኪያ አይደለም። "ሳል እስቲ"፣ "ወደ ጎን መዞር ትችላለህ?"፣ "እንቅልፍ ወስዶሃል?" በሉት። አስታማሚዎችም "ቻለው" ማለቱን ለአንድ ሌሊት ተዉትና ሲስተርን ጥሩ። ሕመም የሚፈራ ሰው በደንብ አይተነፍስም፣ አይነሳም፣ አይራመድም። የኛ ሰው ቻይነት ሌላ ቦታ ይጠቅመናል።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ በየአልጋው ራስጌ ወረቀት እለጥፋለሁ። "ብሎክ የተሰጠው ጠዋት 3 ሰዓት። የሚለቀው ማታ 3 ገደማ። ሕመም ባይኖረውም ክኒኑ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይሰጥ። እግሩ ከደከመ ወዲያው ይደወል።" በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ አስታማሚውም ያነበዋል። አንዳንዴ ሰዓቱን እያየች ሲስተርን የምትጠራት የታካሚው ልጅ ናት።

አልትራሳውንዱን ይዤው መጥቻለሁ። ያን ክፍተት ስክሪኑ ላይ እንድናየው ጀርባውን የሚያውሰን ፈቃደኛ ካለ ወደ መድረኩ ይውጣ። መርፌ የለም፤ ጄሉ ብቻ ትንሽ ይቀዘቅዛል።