ከስቴት ውጭ መማር የግድ ውድ ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደወላችሁልን አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት አንድ ነገር ነው፤ ልጅን ከምንኖርበት ስቴት ውጭ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በውጤት በሚሰጥ ስኮላርሺፕ (ሜሪት) ማስተማር ያዋጣል ወይ?

አንዲት እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፣ ጂፒኤዋ (አማካይ ውጤቷ) 3.9 ነው። ሰዉ ሁሉ ግን "ከሜሪላንድ ከወጣች ዕዳ ውስጥ ትገቢያለሽ" ይለኛል።

እህቴ፣ የሚሉት ለአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች እውነት ነው። እንደ ሚሺጋን ያሉ ስመ ጥሮቹ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ተማሪ ትዩሽኑ (የትምህርት ክፍያው) ብቻ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ለውጤት ብለው የሚቀንሱትም ጥቂት ነው።

ጎበዝ ተማሪ ከሩቅ ለማምጣት ገንዘብ መድበው የሚጠብቁም አሉ። አላባማ ዩኒቨርሲቲን ይመልከቱ። ድረ ገጹ ላይ ጂፒኤን ከኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎቹ ከኤስኤቲ ወይም ከኤሲቲ ውጤት ጋር ያስቀመጠ ሰንጠረዥ አለ። ልጅዎ መስፈርቱን ካሟላች ገንዘቡ ይሰጣታል፣ ከማንም ጋር አትወዳደርም። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ትዩሽኑ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ከፍተኛ ውጤት ላመጡ በዓመት 28 ሺህ ሲሰጡ ቆይተዋል። ሰንጠረዡ ስለሚቀያየር ልጅዎ የምትገባበትን ዓመት ይዩ። ዶርምና ምግቡ ግን ከኪስ ነው፣ እሱን እንዳይረሱ።

ስለዚህ አሁን ኤስኤቲው ላይ በርትታ ትሥራ። ፈተና ግዴታ አይደለም የሚሉ ትምህርት ቤቶች እንኳ ብዙ ጊዜ ትልቁን ገንዘብ የሚሰጡት ውጤት ላስገባ ነው። አንድ ክረምት አጥንታ ጥቂት ነጥብ ብትጨምር፣ በአራት ዓመት ሲባዛ የብዙ ሺህ ዶላር ልዩነት አለው።

ሌላም አለ። ሜሪላንድ "አካዳሚክ ኮመን ማርኬት" የሚባለው የደቡብ ስቴቶች ስምምነት ውስጥ ናት። ልጅዎ የምትፈልገው ትምህርት በሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሌለ፣ በስምምነቱ የተካተተ ፕሮግራም ካገኘች በሌላ ስቴት በኢን ስቴት ዋጋ፣ ማለትም የዚያ ስቴት ነዋሪ በሚከፍለው፣ መማር ትችላለች።

አንድ አባት ከቨርጂኒያ፦ እህቴ ዳላስ ትኖራለች። በእሷ አድራሻ ልጄን ላስመዝግበው?

አይሆንም ወንድሜ። በወላጅ ሥር ያለ ልጅ ነዋሪነቱ የሚታየው በወላጆቹ ነው፣ አብዛኛው ስቴት ደግሞ ቢያንስ 12 ወር መኖር ይጠይቃል። የውሸት ወረቀት ልጁን ያስባርረዋል። በሕጋዊ መንገድ ግን ቴክሳስ ጥሩ በር አላት፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በውድድር ቢያንስ የ1,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ከሰጠው፣ የኢን ስቴት ዋጋ እንዲያስከፍለው የስቴቱ ሕግ ይፈቅዳል። የሚሰጠው ቦታ ውስን ስለሆነ ቀድሞ ያመልክት።

ከሲያትል፦ እኛ ምዕራብ ላለነውስ?

ለእናንተ "ደብሊው ዩ ኢ" አለላችሁ። የምዕራብ ስቴቶች ስምምነት ነው። የዚያ ስቴት ልጅ 10 ሺህ የሚከፍል ከሆነ ያንተ ልጅ ከ15 ሺህ በላይ አይከፍልም። ሁሉም ግቢና ሁሉም ዲፓርትመንት ግን አይገባበትም፣ አንድ በአንድ መጠየቅ አለብህ።

አንድ ተማሪ ከሚኒያፖሊስ፦ ከሌላ ስቴት "60 ሺህ ዶላር አሸንፈሃል" የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ቤተሰቦቼ ደስ ብሏቸው ጎረቤት ሁሉ ጠርተው ቡና አፈሉ።

እንኳን ደስ አለህ፣ ልፋትህ ነው። አሁን ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ። 60 ሺው የአራት ዓመት ድምር ነው፣ በዓመት 15 ሺህ ማለት ነው። ትዩሽን፣ ዶርም፣ ምግብ፣ መጽሐፍና የአውሮፕላን ቲኬት ደምር፤ 15ቱን ቀንስ። የቀረው 30 ሺህ ከሆነ በአራት ዓመት 120 ሺህ ነው። ይህን ቁጥር ደብዳቤው ላይ አታገኘውም። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ደግሞ ሎኑን (ብድሩን) ከስጦታው ጋር በአንድ ዝርዝር ይጽፈዋል፣ እሱን ለይተህ አውጣ።

ቀጥሎ ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስበትን መስፈርት አንብብ። ብዙዎቹ 3.0 ጂፒኤ ይጠይቃሉ። ኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዓመት ከባድ ነው፣ እዚያ ላይ ስኮላርሺፑን ያጡ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሙሉ ክፍያ ሲመጣ ቤተሰብ ይናጋል። ለአንድ ሴሚስተር ብትወድቅ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጡህ እንደሆነ በኢሜይል ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ። ሚኒሶታም ከዊስኮንሲንና ከሁለቱ ዳኮታዎች ጋር የትዩሽን ስምምነት ስላላት፣ የእነሱን ዋጋ አጠገቡ አስቀምጠህ አወዳድር። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች እስከ ሜይ 1 ይጠብቁሃል፤ ዲፖዚቱን (የቦታ ማስያዣውን) ከዚያ በፊት ለመክፈል አትቸኩል።