ኢሊማኒ በረዶ ለብሶ ጦሳ ለምን ቀረ?

ሰላም ሰላም! ዛሬ ከደሴ ቦሊቪያ ድረስ እንሄዳለን። የቦሊቪያዋ ከተማ ላፓዝ መሃሏ 3,640 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደሴ 2,500 አካባቢ ናት፤ የደሴ ዳገት ትንፋሽ ያሳጠረው እንግዳ እዚያ ቢሄድማ... አብሽሩ፣ ይለመዳል። ላፓዝን ቁልቁል የሚያያት የኢሊማኒ ተራራ ነው፤ 6,438 ሜትር፣ ዓመቱን ሙሉ ነጭ። ጦሳም ደሴን ቁልቁል ያያል፤ በረዶ ግን አይከርምበትም። ለምን?

ቆይ፣ አስተያየት መስጫው ላይ የተደጋገመች ጥያቄ አለች፦ «ተራራ ለፀሐይ ይቀርባል፤ ታዲያ መሞቅ አልነበረበትም?» ይቺን ሳንፈታ አናልፍም! ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከዚያ ላይ 6 ኪሎ ሜትር ብትቀንሱ ምን ቀነሳችሁ? ምንም! አየሩን በዋናነት የሚያሞቀው ደግሞ መሬቱ ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። ጨረሩማ ላይ ይብሳል፤ ኢሊማኒን ያለ ጥቁር መነጽር የወጣ ዓይኑ ይቃጠላል። ጨረር ሌላ፣ የአየር ሙቀት ሌላ።

ሒሳቡን ቶሎ ቶሎ፦ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። የደሴን አማካይ 15 ብንል፣ ዜሮ የሚደረሰው 2,300 ሜትር ሽቅብ ነው፤ 4,800 ላይ ማለት ነው። ጦሳ አይደርስም። ራስ ዳሽን እንኳ 4,550 ገደማ ነው፤ ለጥቂት! ኢሊማኒ ግን ያንን 4,800 በ1,600 ሜትር አልፎታል።

አሁን ወደምወደው ነገር፣ ወደ ጎታ። ገብሱ ከላይ ይገለበጣል፣ ከታች በቀዳዳው ይቀዳል። መሃል ያለውም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ታች በተቀዳ ቁጥር ቁልቁል ይንሸራተታል። የበረዶ ግግርም እንዲሁ ነው፦ ጫፉ ላይ አዲስ በረዶ ይጨመርበታል፣ ራሱ ክብደቱ ቁልቁል ይነዳዋል፣ ታች ይቀልጣል። ገቢው ከወጪው ካነሰ ጎታው ይጎድላል፤ በቃ። ጫፉ ላይ በረዶ ሆኖ የሚወርደው የእነሱ ዝናብ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው፣ እኛ በጋ ላይ ሳለን። ከዘገየ ጉዳቱ ድርብ ነው፦ ገቢ የለም፤ በላዩ ላይ ፀሐይን የሚመልሰው ነጩ ሽፋን ሳስቶ የቆሸሸው አሮጌ በረዶ ይገለጣል፣ ሙቀቱንም ይጠጣል።

«ዘንድሮ ቢቀልጥ ለከርሞ ይሞላል» ለምትሉኝ፦ እዚያው ላፓዝ አጠገብ፣ ከ5,000 ሜትር በላይ የነበረው የቻካልታያ ግግር በ2009 እ.ኤ.አ. ጨርሶ አለቀ። የበረዶ ሸርተቴ ይጫወቱበት የነበረ ቦታ ነው! ባዶ ጎታ በአንድ ክረምት አይሞላም፤ ሞኝነት ነው።

ሰብስክራይብ በሉ። በሚቀጥለው፦ ውሃ ደሴ በ92፣ ላፓዝ በ88 ዲግሪ ገደማ ከፈላ፣ ባቄላው ምን ይዋጠው?