ለድንበር ቢሊዮኖች፣ ለፍርድ ቤት ወረፋ

ሂሩት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬው ውይይታችን በአሜሪካ የድንበር ጥበቃና የኢሚግሬሽን ሕግ አፈጻጸም ላይ በሚካሄደው ክርክር ላይ ያተኩራል፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጋሽ ተስፋዬ፣ እርስዎ ድንበር መጠበቅ አለበት ከሚሉት ወገን ነዎት፤ ሆኖም አሁን የተያዘው መንገድ ቅር እንዳሰኘዎት ደጋግመው ነግረውኛል።

ጋሽ ተስፋዬ፦ አዎ፣ ሁለቱንም አምንባቸዋለሁ። በዲሴምበር 2023 ብቻ የድንበር ጠባቂዎች በደቡቡ ድንበር 250,000 ገደማ ሰዎችን ይዘዋል፤ እንደ ኢግል ፓስ ያለች ትንሽ የቴክሳስ ከተማ ያን ሁሉ ሕዝብ የምትችልበት አቅም አልነበራትም፤ የነዋሪዎቿን ምሬት ጥላቻ ነው ብሎ ማጣጣል ደግሞ ተገቢ አይደለም። ከ2024 አጋማሽ ወዲህ ግን ቁጥሩ በእጅጉ ወርዷል። እኔን የሚያሳስበኝ ድንበሩ ከተረጋጋ በኋላም ገንዘቡ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መፍሰሱ ነው። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ለኢሚግሬሽንና ለድንበር 170 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲመድብ፣ ከዚህ ውስጥ 46.5 ቢሊዮኑ ለግንቡ፣ 45 ቢሊዮኑ ደግሞ ለማቆያ ቦታዎች የተያዘ ነው። ይኸው ሕግ የኢሚግሬሽን ዳኞች ቁጥር ከኖቬምበር 2028 ጀምሮ ከ800 እንዳይበልጥ ገደብ አስቀምጧል። በወረፋ ላይ ያሉት መዝገቦች ግን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሰው የሚይዘውን እያበዙ የሚፈርደውን መገደብ ምን የሚሉት አሠራር እንደሆነ አይገባኝም።

ሂሩት፦ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምርበት። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የሚባለው እንደ ሌሎቹ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ራሱን የቻለ አይደለም፤ የፍትሕ ሚኒስቴር አንድ ክፍል ነው። ዳኞቹን የሚቀጥራቸው ዋናው ዐቃቤ ሕግ ሲሆን፣ መዝገብ ወደ ራሱ አስቀርቦ ውሳኔያቸውን የመለወጥ ሥልጣንም አለው። በ2025 ብዙ ዳኞች ከሥራ ሲሰናበቱ ይህ ድክመት በግልጽ ታይቷል። በወንጀል የተከሰሰ ድሀ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፤ ከአገር ውጣ የተባለ ሰው ግን ጠበቃ የሚያገኘው በራሱ ገንዘብ ወይም በበጎ አድራጊዎች ርዳታ ነው።

ጋሽ ተስፋዬ፦ የአድራሻውንም ጉዳይ ንገሪያቸው፤ ስንቱ ሰው በእሱ ምክንያት ጉዳት ደርሶበታል።

ሂሩት፦ እውነት ነው። አንድ ሰው ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ቤት ይቀይራል እንበል። የሥራ ፈቃዱን ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት አዲሱን አድራሻ ያስታውቅና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ፍርድ ቤቱ ግን የራሱ ቅጽ አለው፤ በአምስት ቀን ውስጥ ተሞልቶ መቅረብ ያለበትም ለብቻው ነው። ያ ካልሆነ የቀጠሮው ደብዳቤ ወደ ቀድሞው ቤት ይሄዳል፤ በቀጠሮው ቀን ሰውየው ሲጠራ የለም፤ ዳኛውም በሌለበት ከአገር እንዲወጣ ይወስንበታል። ከዚያ በኋላ ይህ ሰው በመንግሥት መዝገብ ላይ «ትእዛዝ የተላለፈበት» ሆኖ ይገኛል፤ በአደባባይ ሲወራበት ደግሞ ሆን ብሎ ከሕግ ከተሰወረው ጋር አንድ ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ ኬዝ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ኤ ናምበራችሁን፣ ማለትም የኢሚግሬሽን መዝገብ ቁጥራችሁን ይዛችሁ የቀጠሯችሁን ቀን በፍርድ ቤቱ የስልክ መስመር ወይም ድረ ገጽ አዘውትራችሁ አረጋግጡ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ በዚህ ላይ የፈጣን ማስወጣቱ ጉዳይ አለ። ይህ አሠራር ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1996 በፈረሙት ሕግ የመጣ ሲሆን፣ የኢሚግሬሽን መኮንን ሰውየውን ዳኛ ፊት ሳያቀርብ እንዲያስወጣው ይፈቅዳል። ለብዙ ዓመታት በየብስ ድንበር በኩል የሚሠራበት ከድንበሩ በ100 ማይል ክልል ውስጥ፣ ከገቡ 14 ቀን ባልሞላቸው ሰዎች ላይ ነበር፤ በጃንዋሪ 2025 ግን በመላ አገሪቱ ሁለት ዓመት መኖራቸውን ማስረዳት ባልቻሉት ላይ ሁሉ እንዲሠራ ተወሰነ። በኦገስት አንዲት የፌዴራል ዳኛ አገዱት፤ ክርክሩም ወደ ይግባኝ አመራ። ድንበር ሲሻገር ለተያዘ ሰው ፈጣን ሥርዓት ቢኖር አልቃወምም። ነገር ግን ቺካጎ ውስጥ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው የሁለት ዓመት የቤት ኪራይ ደረሰኝ በኪሱ ይዞ አይዞርም።

ሂሩት፦ ሲጠየቅ ማስረጃ ማቅረብ የእሱ ግዴታ መሆኑ ነው ከባዱ። በአንጻሩ ደግሞ፣ መዘግየቱ ራሱ ሰው እየሳበ ነው የሚለውን ክርክር እንዴት ያዩታል? የጥገኝነት ማመልከቻ አስገብቶ ከወራት በኋላ የሥራ ፈቃድ ማግኘትና ለዓመታት መቆየት ከተቻለ፣ ደካማ ጉዳይ ያለውም ይሞክራል።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ትክክለኛ ክርክር ነው፤ እኛ በስደተኛው ወገን የቆምን ሰዎች ልንሸሸው አይገባም። ወረፋው የሚጠቅመው ደካማ ጉዳይ ያለውን ነው፤ የሚጎዳው እውነተኛውን ነው። ከአገራችን ጦርነት ወይም እስር ሸሽቶ የመጣ አባት ጥገኝነቱ ካልጸደቀለት በቀር በዚያ መንገድ ለሚስቱና ለልጆቹ ማመልከት አይችልም። ሲሄድ የሚድህ የነበረ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ከአባቱ ጋር የሚተዋወቀው በስልክ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ፈጣን ዳኝነት ማለት ምሕረት ነው። በቂ ዳኛ ቢኖር ጉዳዩ በዓመት ውስጥ ይወሰናል፤ የማይገባውም በሥርዓት ይሸኛል። ለዚህ ነው ጥብቅ ድንበር የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ለፍርድ ቤቱ መጮህ ያለበት የምለው።

ሂሩት፦ ኮንግረሱ ይህን ለማድረግ ዕድሎች ነበሩት። በ2013 ሴኔቱ አጠቃላይ የኢሚግሬሽን ሕግ ማሻሻያውን 68 ለ32 አሳልፎት ነበር፤ የተወካዮች ምክር ቤት ግን ለድምፅ እንኳ አላቀረበውም። በፌብሯሪ 2024 ደግሞ ሴናተር ላንክፎርድ፣ መርፊና ሲነማ የተደራደሩበት ረቂቅ፣ ትራምፕ ከተቃወሙት በኋላ ሴኔቱ ውስጥ ወደቀ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ያ ረቂቅ ሕግ ሆኖ ቢሆን እመኝ ነበር። ጥገኝነት መርማሪዎችንና ዳኞችን ይጨምር ነበር።

ሂሩት፦ እዚህ ላይ እንለያያለን፣ ጋሽ ተስፋዬ። ረቂቁ በሳምንት ውስጥ የሚያዘው ሰው በአማካይ በቀን 5,000 ሲደርስ በመግቢያ ኬላዎች መካከል ለሚሻገሩት የጥገኝነት በር እንዲዘጋ ያዝ ነበር። የአንድ ሰው ስጋት እውነት መሆን አለመሆኑ በዚያ ቀን ከእሱ ጋር ስንት ሰው በመሻገሩ ሊወሰን አይገባም።

ጋሽ ተስፋዬ፦ መርሁን አልክድም። ነገር ግን በኬላው በቀጠሮ ለሚቀርቡት በሩ ክፍት ሆኖ ይቀጥል ነበር፤ ዛሬ ያ የቀጠሮ መንገድም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ተዘግቷል። ከሁለቱ የትኛው ይሻል እንደነበር ፍርዱን ለአድማጮች እተዋለሁ።

ሂሩት፦ አስተያየታችሁን ላኩልን፤ በሚቀጥለው ክፍል ከዚሁ ነጥብ እንነሣለን።