ቆጣሪ የሌለው ሰዓት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከጅማ ሄርማታ የደወለ ወጣት፦ «ቲክቶክ ላይ ያየሁት የእጅ ሰዓት ክብ ፊት የለውም። ደቂቃው እንደ ማስመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ባትሪ የለውም ይላሉ። ይቻላል እንዴ?»

ይቻላል ወንድሜ። ውስጡ እንደማንኛውም በሞላ የሚሠራ ሰዓት ነው። በቆጣሪ (በሚዞረው ጠቋሚ) ፋንታ ግን ትንሽ ሲሊንደር ይዞራል፤ ላዩ ላይ መስመር በሰያፍ ተቀብቷል። የምናየው በጠባብ መስኮት ብቻ ስለሆነ መዞሩ አይታወቀንም። ቀለሙ ወደ ጎን የሚራመድ ይመስለናል። እስክሪብቶ ላይ ክር በሰያፍ ጠምጥም። ወረቀት በቀጭኑ ቅደድና በዚያ እያየህ እስክሪብቶውን አሽከርክር፤ ክሩ ሲሄድ ታያለህ። የ1960ዎቹን (እ.ኤ.አ.) መርሴዲስ የነዳ ሰው ይሄ አዲስ አይሆንበትም። በአንዳንዶቹ ፍጥነት መለኪያው እንደ ቴርሞሜትር ቆሞ ቀለሙ ወደ ላይ ይወጣ ነበር።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሉዊ ኮቲዬ የተባለ የጄኔቫ ሰዓት ሠሪ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ፓቴክ ፊሊፕ ለተባለው የሰዓት ኩባንያ አንድ ናሙና ሠርቶ ነበር። ለገበያ አልቀረበም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ኡርቬርክ የተባለው ኩባንያ ያንኑ ሐሳብ አንስቶ ዩአር-ሲሲ1 የተባለውን ሰዓት አወጣ። ዋጋውን ባትጠይቀኝ ይሻላል፤ የዓመቱ ቡና ተሽጦም አይሞላም።

ከአጂፕ፦ «60 ሲደርስስ?»

ዘሎ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ዓይን ሳይጨፈን። ውስጡ የቀንድ አውጣ ቅርጽ ያለው ብረት አለ። አንድ ክንድ ጠርዙን ተደግፎ ሰዓት ሙሉ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሞላም እየወጠረ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ክንዱ ገደል እንደገባ ይወድቃል፤ ሞላው ሲሊንደሩን ይመልሰዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰዓት ሁሌ 50 ምናምን ላይ የሚቆም ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የደረቀ ዘይት ነው። እዚያ ጋ ነው ሸክሙ የሚከብደው።

ከጅሬን አንዲት እናት፦ «በፈረንጅ የተሞላ ሰዓት ስይዝ የማነበው ከቆጣሪው ትይዩ ነው። ይሄ በምን ይነበባል?»

እማማ፣ ጥሩ ነገር ያዙ። ቆጣሪው 8 ላይ ሲሆን ትይዩው 2 ነው፤ የ6 ሰዓት ልዩነት ግማሽ ዙር ስለሆነ ይሠራል። የሰዓቱ ቁጥሮችም ቀጥ ያለ መስመር ላይ ሲደረደሩ ግን ትይዩ የለም። በኛ መሙላት ብቻ ነው። እንዲያውም ይሄ ሰዓት ከፈረንጁ ይልቅ ለኛ ይስማማል ባይ ነኝ። እነሱ ረድፉን የሚጨርሱት በቀትርና በእኩለ ሌሊት ነው። እኛ 12 የምንደርሰው ጀንበር ልትገባ ወይም ልትወጣ ስትል ነው፤ ጅማ ላይ ደግሞ ክረምት ከበጋ ከዚያ ብዙም አትርቅም። መስመሩ ሲያልቅ ቀኑም አለቀ ማለት ነው።

ሲሞሉት ግን ወደፊት ብቻ ያዙሩት። ከእንዲህ ያሉት ዘላይ ሰዓቶች ብዙዎቹ ወደኋላ መመለስ አይወዱም፤ ያ ክንድ ገደሉ ላይ ተቀርቅሮ ሊሰበር ይችላል።