«41» ማለት ወደቀ ማለት አይደለም
በቨርጂኒያ ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም፣ ልጅ አቅፋችሁ የተቀመጣችሁም፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለ የዓመቱ የፈተና ውጤት በፖስታ መጣ። ፖስታውን የቀደድኩት መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ ነው። ወረቀቱ መሃል 41 የሚል ቁጥር አየሁ። እኔ ያደግኩት ከ50 በታች የሆነ ውጤት በቀይ በሚጻፍበት ትምህርት ቤት ነው። ልጄን በእጄ አበላሸሁት ብዬ መኪናው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለባለቤቴም ሁለት ቀን ደበቅኩት።

ያ ቁጥር ግን ልጁ ከመቶ ጥያቄ 41 መለሰ ማለት አልነበረም። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚነጻጸሩት የክፍል እኩዮቹ መካከል ከመቶው 41 ያህሉን በልጧል ማለት ነበር። የቨርጂኒያ ሕግ የሚጠይቀው የቋንቋና የሒሳብ ጥምር ውጤቱ፣ ውጤቶች ከሚመደቡባቸው ዘጠኝ እርከኖች (ስታናይን) በአራተኛው ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ነው። አራተኛው እርከን የሚጀምረው ደግሞ ከ23 ነው። ልጄ አምስተኛው እርከን ላይ፣ ከዘጠኙ መሃለኛው ላይ ነበር። እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴን አጥቁሬበት ነበር፤ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ዙሪያዬን ሲዞር አሁንም ይታየኛል።

ደግሞም ፈተና ብቸኛው መንገድ አይደለም። በማንኛውም ስቴት የማስተማር ፈቃድ ያለው መምህር፣ ወይም በአንድ የአካዳሚክ ትምህርት መስክ ማስተርስ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ያለው ሰው፣ ልጁ በቂ ዕድገት ማሳየቱን የሚገልጽ የግምገማ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። ፈተና ሲያይ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ልጅ፣ ከአገር ቤት ከመጣ ገና ዓመት ላልሞላው ልጅ፣ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ነገር ግን ጸሐፊው የልጁን የትምህርት ሁኔታ የሚያውቅ መሆን አለበት። ቀኑ ሲደርስ ከቅዳሴ መልስ ዘመድ ይዞ «እባክህ ፈርምልኝ» ማለት ነውር ነው፤ ልጁንም አይጠቅመውም። ገምጋሚውን በመስከረም ፈልጉት፤ በዓመቱ መካከልም ልጁን ያነጋግረው።

ለዚህ የሚረዳው አንድ ተራ ማኅደር ነው። የሴት ልጄን ይዤ መጥቻለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ሴፕቴምበር ላይ የጻፈችው ሦስት መስመር ነው፤ ፊደሎቹ ተገልብጠውባታል። የመጨረሻው የሜይ ወር ነው፤ ስለ አያቷ ዶሮዎች አንድ ገጽ ተኩል ጽፋለች። በሁለቱም ላይ ቀን አለ። ቀን የሌለው ወረቀት ዕድገት አያሳይም።

አማርኛ የምታስተምሩበት ሰዓት በዚያ ጥምር ውጤት ውስጥ አይቆጠርም። እንዲያም ሆኖ እለምናችኋለሁ፣ ለፈተና ብላችሁ ፊደል ቆጠራውን አታቋርጡ። ከአያቱ ጋር በስልክ መነጋገር የማይችል ልጅ የሚያጣውን የትኛውም እርከን አይመልስለትም።

ስለ ቀኖቹ በጥንቃቄ ስሙኝ። ቤት ለማስተማር ማሰባችሁን የምታሳውቁት እስከ ኦገስት 15፣ የዕድገት ማስረጃውን፣ ማለትም የፈተና ውጤቱን ወይም ደብዳቤውን፣ የምታስገቡት ደግሞ የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ እስከ ኦገስት 1 ነው። ኦገስት 1 በእኛ ሐምሌ 25 ነው። ግድግዳው ላይ በሰቀለው የኢትዮጵያ ካላንደር «ነሐሴ 1» ብሎ የያዘ ሰው ስድስት ቀን ይዘገያል። ማስረጃው ካልቀረበ የትምህርት ኃላፊው የአንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ የማሻሻያ ዕቅድ ማቅረብ ግዴታ ይሆናል። በሙከራው ዓመት ማብቂያም ማስረጃው ካልገባ ቤት ማስተማሩ ይቆማል።

ከሜሪላንድ የመጣችሁ፣ የእናንተ ሕግ ሌላ ነው። በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ክትትል ሥር ከሆናችሁ የሚታየው የልጁ ሥራ የተሰበሰበበት ማኅደር ነው፤ በዓመትም ከሦስት ጊዜ በላይ አይታይም።

ማኅደሩን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ልጄ እንድታዩት ፈቅዳለች፤ የዶሮዎቹን ገጽ ብቻ እንዳታጥፉባት አደራ ብላለች።